«ደህና ሁን» የማይባልበት ሜዳ

የተከበሩ ቄስ ፔል፤ ውድ ሮዝሜሪ፤ የሙሪየል የልጅ ልጆች፤ የኬልስቶርፕ መንደር ሰዎች፤ ዝናቡን ሳትፈሩ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወዳጆች፤ እናንተም ከዘራችሁን ተደግፋችሁ ከኋላ የቆማችሁ የስኳድሮናችን ሽማግሌዎች፤ እንደምን ዋላችሁ። ሽማግሌዎቹ እባካችሁ ቀረብ በሉ። ጆሯችሁን እዚያ ማዶ፣ የአውሮፕላኑ ሜዳ ላይ፣ ከሞተሮቹ ጋር ትታችሁት እንደመጣችሁ አውቃለሁ። የእኔም እዚያው ነው ያለው። ስለዚህ እጮኻለሁ። ሙሪየል ብትሰማኝ «ዊልፍ፣ ቀብር ላይ ነን እኮ፣ ቀስ በል» ትለኝ ነበር። ዛሬ ግን ትታገሰኛለች።

ለማታውቁኝ፣ ዊልፍ አክሮይድ እባላለሁ። በጦርነቱ ጊዜ በዚህ መንደር ዳር በሰፈረው የከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ክፍል፣ ስኳድሮን ውስጥ የጅራት ተኳሽ ነበርኩ። ላንካስተር በሚባለው ባለአራት ሞተር አውሮፕላን ጭራ ላይ፣ በመስታወት ጎጆ ውስጥ፣ ጀርባዬን ለጓደኞቼ ሰጥቼ የምቀመጥ ሰው። ወዴት እንደምንሄድ አይቼ አላውቅም። የማየው የመጣንበትን ብቻ ነበር። ለዚህ ነው መሰለኝ እስከ ዛሬ ወደ ኋላ ማየት የሚቀናኝ።

ዛሬ የምንሸኛት ሙሪየል ዳውስ የዚያ ስኳድሮን ምግብ አብሳይ ነበረች። ያኔ ስሟ ሙሪየል ቶፍት ነበር። እናንተ የመንደሩ ሰዎች የምታውቋት በዶሮ እርባታዋ ነው። በየሳምንቱ እንቁላል ይዛላችሁ የምትመጣው፣ የተሰነጠቀ ካገኛችሁበት ተሟግታችሁ የማታሸንፏት ሴትዮ። እኛ ግን የምናውቃት ከዚያ በፊት ነው። ከዶሮዎቹ በፊት። ከልጇ ከሮዝሜሪም በፊት።

ማክሰኞ ዕለት ሮዝሜሪ ቤት ሄጄ ነበር። ሻይ ቀዳችልኝ። ከፊቴ ተቀመጠች። ሻዩን ሳልጠጣው በረደ፤ ምክንያቱም እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦

«አጎቴ ዊልፍ፣ እናቴ ትወደኝ ነበር?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» አልኳት።

«አንድ ቀን እንኳ ደህና ሁኚ ብላኝ አታውቅም። ትምህርት ቤት በር ላይ ታደርሰኝና ዞር ብላ ትሄዳለች። ያገባሁ ቀን፣ መኪናው ሲነሳ፣ ሰው ሁሉ እጁን ሲያውለበልብ እሷ ወደ ዶሮዎቿ ገባች። በስልክ ስናወራ ወሬዋን ስትጨርስ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። ይሁን፣ ጠባይዋ ነው ብዬ ቻልኩት። ሆስፒታል ግን፣ የመጨረሻው ቀን፣ እጇን ይዤ ልሰናበታት ስል አፌን በመዳፏ ከደነችው። አጎቴ ዊልፍ፣ አፌን ነው የከደነችው! ከዚያ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹እንቁላሌን አስቀምጪልኝ› አለችኝ። አለቀ። ዓይኗን ጨፈነች። የእናቴ የመጨረሻ ቃል እንቁላል ነው!»

ይህን ስትል ሳቀች። ሳቋ አላለቀም፤ ለቅሶ ሆነ።

ሮዝሜሪ፣ የዚያን ዕለት መልስ አልሰጠሁሽም። ወጥ ቤት ውስጥ፣ በሁለት ሰው መካከል የሚነገር አልነበረም። ምስክር ያስፈልገዋል። ምስክሮቹ እነሆ ከኋላ ቆመዋል። እና ዛሬ ለእናትሽ ከማደርገው ስንብት በፊት ለአንቺ መልስ አለብኝ።

ወዳጆቼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ከእኔ ጋር ኑ። ጦርነቱ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። እዚያ ማዶ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም ቤት አለ። የበራሪዎች ምግብ ቤት ነው። በሩ ጋ ቁሙልኝ። የቅባቱ ጢስ ዓይን ይለበልባል። የውጪ በር በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ ገብቶ ሰው ሁሉ «ዝጋው!» ብሎ ይጮኻል። ከረጅሙ ጠረጴዛ ወዲያ አንዲት ቀይ ፀጉር ያላት ልጅ ቆማለች። እጅጌዋን ሰብስባለች። በአንድ እጇ መጥበሻ፣ በሌላው መገልበጫ ይዛለች። ያቺ ናት።

እንቁላል ያኔ ምን እንደነበር ወጣቶቹ አታውቁም። አገሩ ሁሉ በራሽን፣ ተለክቶ በሚሰጥ ቀለብ ነው የሚበላው። የእናንተ አያቶች የእንቁላል ዱቄት በውሃ በጥብጠው «እንቁላል ነው» እየተባባሉ ይበሉ ነበር። ለሚበር ሰው ግን እውነተኛ እንቁላል ይሰጠዋል። ሲወጣ አንድ። ሲመለስ አንድ። ሲመለስ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

እኔ አዲስ ነበርኩ። ከዮርክሺር የመጣሁ፣ ሁልጊዜ የሚርበኝ። ሳህኔን ዘረጋሁና «እህቴ፣ ያንን ትልቁን ስጪኝ» አልኳት። መገልበጫውን አንስታ ጣቴን መታችኝ።

«ትልቁ ለተመለሰ ሰው ነው» አለችኝ። «ሂድና ተመለስ። ያኔ እንነጋገራለን።»

ሄድኩ። ተመለስኩ። ትልቁን ሰጠችኝ። ፈገግ እንኳ አላለችም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከበላሁት ምግብ ሁሉ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

በስኳድሮናችን ብዙ እምነት ነበር። ፈሪ ሰው ብዙ እምነት አለው፤ እኛ ደግሞ ሁላችንም ፈሪዎች ነበርን። አንዱ የእህቱን ካልሲ አንገቱ ላይ ያስራል። ሌላው ግራ እግሩን ሳያስቀድም አይሳፈርም። ቄስ ፔል ይቅር ይበሉኝና፣ ከመነሳታችን በፊት ሁላችንም ተሰልፈን የጅራቱን ጎማ... እንዴት ልበል... የየራሳችንን ውሃ እናጠጣው ነበር። አይሳቁ። አንድም ቀን ሳናጠጣው አልተነሳንም።

ከሁሉ የሚበልጠው እምነት ግን ይህ ነበር። ማንም ለማንም «ደህና ሁን» አይልም። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። የትም አልተጻፈም። አዛዡም ያከብረው ነበር፤ ጎማ የሚነፋው መካኒክም ያከብረው ነበር። ያ ቃል የተባለለት ሰው አይመለስም ይባል ነበር። ታዲያ ሰው ሰውን ሳይሰናበት እንዴት ይለያያል? በእንቁላል ነዋ! የሚቀረው የሚሄደውን «ካልተመለስክ እንቁላልህን እበላዋለሁ» ይለዋል። የሚሄደው ደግሞ «እንዳትነካው! አስቀምጥልኝ!» ይላል። ቀልድ ነበር። ክፉ ቀልድ ነበር። እንወድሃለን፣ እባክህ ተመለስ ማለት ያቃታቸው ልጆች ቀልድ ነበር።

ሮዝሜሪ፣ ሰማሽኝ? ጥቂት ታገሺኝ። ገና አልጨረስኩም።

ሙሪየል የራሷ ልማድ ነበራት። ለወጣው ሰው ሁሉ ሳህን ትዘረጋለች። እያንዳንዱ አውሮፕላን ሰባት ሰው ይይዛል፤ ለእያንዳንዱም ሰባት ሳህን። ጠዋት ስንመለስ ሳህናችን ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀናል። አንድ ቀን ታዲያ እኛ ሳንመለስ ቀረን። አንዱ ሞተር ተቃጥሎ፣ ሌላው እያሳለ፣ ባሕሩን እንደምንም ተሻግረን ዳርቻው ላይ ባለ የሌላ ስኳድሮን ሜዳ አረፍን። ስልኩ ተበላሽቶ ወሬያችን ኬልስቶርፕ አልደረሰም። ሌሎቹ በልተው ተነሱ። የእኛ ሰባት ሳህን ብቻ ባዶውን ቀረ።

የምግብ ቤቱ ኃላፊ ሻለቃ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ባዶ ሳህን ማየት አይችልም። እንግዲህ ስሙት፦

«ቶፍት፣ እነዚህን ሳህኖች አንሺ።»

«አላነሳም ጌታዬ።»

«ምን አልሽ?»

«አላነሳም አልኩ።»

«ትዕዛዝ ነው!»

«ጌታዬ፣ ሳህኑን ካነሳሁት ሲመጡ እንቁላላቸውን ምን ላይ ላድርግላቸው? ኮፍያዎ ላይ?»

ተቀጣች። አንድ ጆንያ ድንች ልጪ ተባለች። ሳህኖቹን ግን ማንም አልደፈረም፤ ሻለቃውም ራሱ አልነካቸውም። እኩለ ቀን ላይ በጭነት መኪና ተጭነን ደረስን። ፊታችን ጥላሸት ነው። በሩን ስንከፍት ሙሪየል ድንቹ መካከል ተቀምጣለች። ያየችን ጊዜ ቢላዋውን ወርውራ ተነሳች። አቀፈችን? የለም! ጮኸችብን።

«የት ነበራችሁ? በናንተ ጦስ ይኸው ድንች ስልጥ ዋልኩ! ተቀመጡ! እጃችሁን ታጠቡና ተቀመጡ!»

ጀርባዋን ሰጥታን እንቁላሉን ስትጠብስ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁላችንም አየን። አብራሪያችን ክሌም ሃርትኖል ብቻ እንቁላሉን ሳይነካ ትከሻዋን እያየ ቀረ። ክሌም ከዴቨን የመጣ የፖስተኛ ልጅ ነበር። ረጋ ያለ፣ ረጅም፣ ሲያፏጭ ዜማ የሚያጠፋ። «ምነው አትበላም?» አልኩት። «ዊልፍ፣ ይህችን ልጅ አገባታለሁ» አለኝ። «መጀመሪያ እንቁላልህን ብላ፤ ካልበላኸው ትገድልሃለች» አልኩት።

ክረምቱን አብረው አሳለፉ። በብስክሌት ነው። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፤ ሁልጊዜ ታሸንፈዋለች። ጠረጴዛዎቹ እየሳሱ መጡ። ትናንት አብሮን የበላ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ዛሬ የለም። አዲስ ልጆች ይመጣሉ፤ ስማቸውን ሳናውቅ ይሄዳሉ። የጣልነው ቦምብ ከታች ምን እንዳደረገ ዛሬ ቆሜ ልኮራበት አልችልም። ሙሪየልም አትፈቅድልኝም። አንድ ቀን መጥበሻዋን እየጠረገች «እዚያም ታች የሚጠብስ ሰው አለ» አለችኝ።

እና ያቺ ቀን መጣች። ጠዋት ክሌም ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ድንች መጋዘኑ ውስጥ፣ አግቢኝ አላት። ከዚያ የተሻለ ቦታ አጣ! እሷም እሺ አለችው። ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች። ለሻለቃው ሁለት እንቁላል ሰጠችው። ያን ጊዜ ነው የሆነ ነገር እንዳለ ያወቅነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመነሳት ተዘጋጀን። አውሮፕላናችን ሜዳው ዳር ቆማለች። ጎማውን አጠጥተናል። አንድ በአንድ ልንሳፈር ስንል ሙሪየል ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ በብስክሌት እየበረረች መጣች። ብስክሌቱን ሣሩ ላይ ጣለችው። የክሌምን አንገትጌ አስተካከለችለት። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩት! ከዚያ፣ ሥራ የሚሄድ ባሏን እንደምትሸኝ ሴት፣ ምንም ሳይታወቃት፣

«ደህና ሁን፣ ክሌም» አለችው።

ወዳጆቼ፣ አለቃ መካኒካችን ፊቱን አዞረ። ሬዲዮ ኦፕሬተራችን ጓንቱን ማየት ጀመረ። ሙሪየል ያለችውን ገና አሁን የሰማች ይመስል እጇን አፏ ላይ ጫነችው። ክሌም ግን ግንባሯን ሳማትና «እንቁላሌን አስቀምጪልኝ» ብሏት ተሳፈረ።

ክሌም አልተመለሰም።

እንዴት እንደሆነ ብዙ አላወራም። ከዒላማው በላይ የፀረ አውሮፕላን ጥይት ክንፋችንን መታው። ክሌም ሰው እስኪዘል ድረስ አውሮፕላኗን ቀጥ አድርጎ ያዛት። እኔ የመጨረሻው ነበርኩ፤ የጎጆዬ በር ተጣብቆብኝ። ድምፁ ጆሮዬ ላይ መጣ። «ዊልፍ፣ አሁንም እዚያ ነህ? ውጣ እንጂ! እንቁላልህ ይበርዳል!» ወጣሁ። ፓራሹቴ ተከፈተ። አራታችን ዳንን፤ ሦስቱ ቀሩ። እኔ እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ምርኮኛ ሆኜ ቆየሁ።

ስመለስ በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ። ምግብ ቤቱ ሊዘጋ ነው። ሙሪየል አለች። እንኳን ደህና መጣህ አላለችኝም። አንድ እንቁላል ጠበሰችልኝ፤ ትልቁን። ከፊቴ ተቀመጠች። በልቼ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ዊልፍ» አለችኝ፣ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«ሙሪየል፣ እብድ ሆነሻል? ክንፉን የመታው ጥይት ነው።»

«ሰምታችኋል። ሁላችሁም ሰምታችኋል። ፊታችሁን አይቻለሁ።»

ያኔ የነገርኳትን ነው ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ። ያን ቀን ባሕሩን ስንሻገር ክሌም በመነጋገሪያው «ወንዶች፣ ሙሪየልን ሰማችኋት?» አለን። ሬዲዮ ኦፕሬተሩ «ሰምተናል አለቃ፤ ባንሰማ ይሻለን ነበር» ብሎ መለሰለት። ክሌም ሳቀ። «ምን ነካችሁ? አባቴ ጠዋት ጠዋት የፖስታ ቦርሳውን አንግቦ ሲወጣ እናቴ በር ላይ ቆማ ልክ እንዲህ ነው የምትለው። በየቀኑ ትለዋለች፤ በየቀኑም ይመለሳል። በሕይወቴ ደህና ሁን ሲሉኝ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እናንተ እርግማን ሰማችሁ፤ እኔ ሚስቴን ሰማሁ።» ከዚያ ማፏጨት ጀመረ። «አለቃ፣ ፉጨትህስ እውነትም ይገድለናል» አልነው።

እውነት ነው። ከኋላ የቆመው ሬዲዮ ኦፕሬተራችን ይኸው ራሱን እየነቀነቀ ነው። እያያችሁት ነው አይደል?

ሙሪየል ግን አላመነችኝም። «ልታጽናናኝ ነው» አለችኝ። «ዊልፍ፣ አንተ መዋሸት አትችልበትም፤ ግን ደግ ስለሆንክ ትሞክራለህ።» ከአርባ ዓመት በላይ ነገርኳት። ከአርባ ዓመት በላይ «ሻይህን ጠጣ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ለማንም። በተለይ ለምትወደው ሰው። ልጇ ላይ የጦርነት ነገር እንዳንጭንባት እኛን ሽማግሌዎቹን ሁሉ አስምላን ነበር። መሐላው እሷ እስካለች ድረስ ነበር። አሁን ፈታሁት።

አርተር ዳውስን አገባች። ዝም ያለ፣ ደግ ገበሬ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና። ያንን ሜዳ ገዙት። አውሮፕላኖቻችን በሚነሱበት ሲሚንቶ ላይ የዶሮ ቤት ሠሩ። ስናየው ደነገጥን። «ሙሪየል፣ ይህ እኮ የስኳድሮኑ ሜዳ ነው!» አልናት። «እና ምን ይሁን? ከዚህ ሜዳ ላይ ከእንግዲህ የሚወጣው እንቁላል ብቻ ነው» አለችን። በየዓመቱ ስንሰበሰብ እሷ ትጠብሳለች። እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት፤ ራሽኑ አልፏል። ለክሌምም ሳህን ትዘረጋለች። አርተር አንድ ቀን እንኳ የማን ነው ብሎ አልጠየቃትም። ጨው ከፈለገ ከሳህኑ በላይ እጁን ዘርግቶ ያነሳል፤ ሳህኑን ግን አይነካውም።

እንግዲህ ሮዝሜሪ ልጄ። ወደ አንቺ መጣሁ።

እናትሽ ትምህርት ቤት በር ላይ ለምን ዞር ብላ ሄደች? ከሰዓት በኋላ እንድትመለሺላት። የሠርግሽ ቀን ለምን ወደ ዶሮዎቹ ገባች? ቃሉ ከአፏ እንዳያመልጣት። ስልኩን ለምን ጆሮሽ ላይ ዘጋችው? ነገም እንድትደውዪላት። ስንቴ ሳትሰናበትሽ ቀረች? ስንቴስ ተመለስሽላት? እያንዳንዱን ጊዜ ተመልሰሻል። እሷ ታዲያ ተሳስቻለሁ ብላ እንዴት ታስብ?

ሆስፒታል አልጋው ላይ አፍሽን የከደነችው ስለማትወድሽ ነው? ሮዝሜሪ፣ እናትሽ እኮ የምትሄደው እሷ ነበረች። የሚሄድ ሰው ምን ይላል? ከመሳፈሩ በፊት ክሌም ምን አላት? «እንቁላሌን አስቀምጪልኝ።» ያንኑ ነው ያለችሽ። በሕይወቷ የሰማችው ትልቁ የፍቅር ቃል እሱ ነው። ስታስቀምጠው ኖራ ለአንቺ ሰጠችሽ። ከዚህ በላይ የምትሰጥሽ ቃል አልነበራትም። ትወደኝ ነበር ወይ አልሽኝ። ልጄ፣ ይኸው መልሱ።

አልቅሺ። ግድ የለም፣ አልቅሺ።

አሁን ወደ አንቺ፣ ሙሪየል። ክፉኛ ትቆጪኛለሽ፤ አውቃለሁ። መገልበጫውን ብትይዢ ኖሮ ጣቴን ትመቺኝ ነበር። ግን አንድ ጊዜ እንኳ እስክጨርስ አዳምጪኝ። ቃል አውሮፕላን አይጥልም። አንቺ ማንንም አልገደልሽም። አንድ የፖስተኛ ልጅ እየሳቀ፣ እያፏጨ፣ ሚስት እንዳለው ሰው ሆኖ እንዲሄድ አደረግሽው። ስንቶቻችን ነን እንደዚያ ሆነን የወጣነው? ማናችንም አልነበርንም። እሱ ብቻ ነበር። በአንቺ ምክንያት።

እኔም ያንን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ብዬው አላውቅም። አፌ ውስጥ ዝጓል። ባለቤቴን ስቀብር እንኳ ዋጥኩት። ዛሬ ግን እለዋለሁ። ይኸው ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ ሽማግሌዎቹ ጓንታቸውን ማየት ቢጀምሩም እለዋለሁ። አንቺ የፈራሽውን እኔ ልበለውና ምንም እንደማይሆን እይ። ነገ ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች። ዶሮዎችሽ ይንጫጫሉ። ሮዝሜሪ ቁርስ ትበላለች። ማንም አይወድቅም።

ደህና ሁኚ፣ ሙሪየል።

ክሌምን ስታገኚው የዘገየሁት በሩ ተጣብቆብኝ ነው በይልኝ።

ደህና ሁኚ። ሳህንሽን ማንም አያነሳውም።